ዙሩ ከየት እንደጀመረ እንዳይታይ፦ ኪሮሽን ያለ ሰንሰለት መጀመር

ባለቀለም ነገር በኪሮሽ የሠራ ሰው ይኼን መስመር ያውቀዋል። የትራስ ልብስ ይሁን ቦርሳ፣ ዙሩ የሚጀመርበት ቦታ ላይ ከመሀል እስከ ዳር የሚሄድ ነገር አለ። አንዳንዱ ላይ ቀዳዳ ቀዳዳ ይመስላል። አንዳንዱ ላይ እብጠት ነው። ሌላው ሥራ የቱንም ያህል እኩል ቢሆን ዓይን ቶሎ ሄዶ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ገዢም ዕቃውን ሲያገላብጥ ጣቱ እዚያው ይቆማል።

መስመሩን የሚፈጥሩት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው መነሻው ላይ የምንሠራው ሰንሰለት ነው፤ ክሩን በቀለበት ውስጥ እየሳብን የምንሠራቸው ተከታታይ ቀለበቶች ማለት ነው። ረጅሙን ስፌት፣ ማለትም ክሩን አንዴ ኪሮሹ ላይ ጠምጥመን የምንሠራውን፣ ልንጀምር ስንል ከፍታው እንዲደርስልን ሦስት ሰንሰለት እንሠራለን። ከዚያ ሰንሰለቱን እንደ አንድ ስፌት እንቆጥረዋለን። በቁጥር ልክ ነው፣ በመልክ ግን አይደለም። ሰንሰለት ከረጅሙ ስፌት ይቀጥናል፣ ቀጥ ብሎም አይቆምም። ከጎኑ ካለው ስፌት ጋር መሀላቸው ክፍት ይሆናል። ሁለተኛው መዝጊያው ነው። ዙሩ ሲያልቅ ኪሮሹን ሰንሰለቱ አናት ላይ ከትተን ክሩን ስንስብ እዚያች ቦታ ላይ ትንሽ ጉብታ ትቀራለች። ይኼ በየዙሩ ሲደጋገም መስመር ይሆናል። ቀለም ሲቀያየር ደግሞ ይብሳል፤ አንዱ ቀለም በሌላው ላይ ሾልኮ ይታያል።

እኔ የምሠራው አራት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው። ተማሪው ጽሑፉ እስኪጠረዝለት ሲጠብቅ፣ ወይም መብራት ጠፍቶ ማሽኑ ዝም ሲል፣ እጄ ላይ ኪሮሽ አለ። ወንድ ልጅ ኪሮሽ ይዞ ሲያዩ የሚገረሙ አይጠፉም። ሽሮ ሜዳ የሚሸጠውን ሸማ ማን እንደሚሸምነው ስጠይቃቸው ይስቃሉ፣ ወሬውም በዚያው ያልቃል። በትእዛዝ የምሠራው በአብዛኛው የሕፃን ብርድ ልብስ፣ የትራስ ልብስና ቦርሳ ነው። ሁሉም ባለብዙ ቀለም ነው። ስለዚህ ከዚያ መስመር ጋር ብዙ ተያይተናል።

መፍትሔው ሰንሰለቱን መተው ነው። አዲስ ቀለም ስትጀምሩ ክሩን ሥራው ላይ አታስሩት። መጀመሪያ ክሩን ኪሮሹ ላይ አድርጉት። ከዚያ ዙሩን በእውነተኛው ስፌት በቀጥታ ጀምሩ። የመጀመሪያው ስፌት እንደ ሌሎቹ ወፍራም፣ እንደ ሌሎቹ ቀጥ ያለ ይሆናል። ቪዲዮ መፈለግ ከፈለጋችሁ ዩቲዩብ ላይ «ስታንዲንግ ስቲች» ብላችሁ ብትጽፉ ይመጣል። ነገር ግን ብዙዎቹ ቶሎ ቶሎ ያልፉታል፤ እጅ ላይ ምን እየሆነ እንደሆነ ማየት ያስቸግራል። እኔ ቀስ ብዬ ልሂድበት።

ከአጭሩ ስፌት፣ ማለትም ክሩን ኪሮሹ ላይ ሳንጠመጥም ከምንሠራው፣ እንጀምር። ክሩ ጫፍ ላይ ሸምቀቆ ሥሩና ኪሮሹ ውስጥ አስገቡት። ከሸምቀቆው በኋላ አንድ ስንዝር የሚጠጋ ጫፍ ይቅር። ኪሮሹን ልትጀምሩበት ያሰባችሁበት ስፌት ውስጥ ክተቱ፤ አናቱ ላይ ካሉት ከሁለቱ ክሮች ሥር። ክሩን ያዙና ወደ ፊት ሳቡት። አሁን ኪሮሹ ላይ ሁለት ቀለበት አለ፤ አንዱ ሸምቀቆው፣ አንዱ አሁን የሳባችሁት። ክሩን እንደገና ያዙና በሁለቱም ውስጥ አሳልፉት። አለቀ። ይኼ አንድ ሙሉ አጭር ስፌት ነው። ቀጣዩን ከጎኑ ባለው ላይ እንደ ወትሮው ሥሩ።

ረጅሙ ስፌት ትንሽ ያታግላል። ሸምቀቆው ኪሮሹ ላይ አለ። ከዚያ ክሩን አንዴ ትጠመጥማላችሁ። ሥራው ገና አልተያያዘምና ሸምቀቆው ኪሮሹ ላይ ይሽከረከራል፤ ጥምጥሙም ይፈታል። ብዙ ሰው የሚተወው እዚህ ጋ ነው። ዘዴው በኪሮሽ እጃችሁ አመልካች ጣት ሸምቀቆውንም ጥምጥሙንም ኪሮሹ ላይ መጫን ነው። እስኪያያዝ ድረስ ጣቱን አታንሱ። እንደተጫናችሁ ኪሮሹን ስፌቱ ውስጥ ክተቱ፣ ክሩን ሳቡ። ሦስት ቀለበት አለ። አሁን ሥራው ስለተያያዘ ጣታችሁን ማንሳት ትችላላችሁ። ክር ያዙና በሁለት ቀለበት አሳልፉ፤ ሁለት ይቀራል። እንደገና ክር ያዙና በሁለቱ አሳልፉ፤ አንድ ይቀራል። ሸምቀቆው ከስፌቱ አናት ጀርባ ላይ ትንሽ ሆኖ ይቀመጣል። ከፊት አይታይም።

የመሀለኛውን ስፌት፣ ማለትም በከፍታ ከአጭሩና ከረጅሙ መሀል ያለውን፣ የምትሠሩ ከሆነ ያው ነው፤ ሦስቱ ቀለበት ኪሮሹ ላይ ሲሆኑ በአንድ ጊዜ በሦስቱም ታሳልፋላችሁ። ሁለቴ ተጠምጥሞ ለሚሠራው በጣም ረጅም ስፌት ደግሞ መጀመሪያ ሁለቴ ጠምጥሙና ሁለት ሁለቱን እያሳለፋችሁ ጨርሱ። ግራኝ ከሆናችሁ ሁሉንም በመስታወት እንደሚታይ ገልብጡት። ሌላ ለውጥ የለውም።

ሸምቀቆውን በተመለከተ አንድ ትንሽ ነገር አለች። ሸምቀቆ በሁለት መንገድ ይሠራል። በአንደኛው ከጥቅሉ የሚመጣውን ክር ስትስቡ ይጠብቃል፤ በሌላኛው አጭሩን ጫፍ ስትስቡ ይጠብቃል። ለዚህ ሥራ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው። ስፌቱን ከጨረሳችሁ በኋላ ጫፉን ሳብ ስታደርጉት ቀለበቱ ጥብቅ ይላል። አናቱ ላይ ላላ ያለ ነገር አይቀርም።

ቋጠሮ ጨርሶ የማይወድም ሰው አለ። በተለይ ለሕፃን ብርድ ልብስ፣ በእጅ ሲዳሰስ ሁሉ ነገር ለስላሳ እንዲሆን ሲፈለግ። ያን ጊዜ ሸምቀቆውን ተዉትና የክሩን ጫፍ በጣታችሁ ኪሮሹ ላይ ያዙ። ለረጅሙ ስፌት ክሩን ሁለቴ ጠምጥሙ። የመጀመሪያው ጥምጥም የሸምቀቆውን ቦታ ይተካል። ሁለተኛው የተለመደው ጥምጥም ነው። ከዚያ ከላይ እንዳልኩት ቀጥሉ። ለአጭሩ ስፌት አንዴ ብቻ መጠምጠም በቂ ነው። ጫፉ የተወሰኑ ስፌቶች እስኪሠሩ ድረስ ልቅ ስለሆነ አትልቀቁት። በወፍራም የሹራብ ክር ይኼ ቆንጆ ይወጣል። በሚያንሸራትት የጥጥ ክር ግን እኔ ሸምቀቆውን እመርጣለሁ፤ ቋጠሮዋ ትንሽ ናት፣ እንቅልፍ ግን ትሰጣለች።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ብዙ የሥራ መመሪያ የሚጻፈው በሰንሰለት ለሚጀምር ሰው ነው። «ሦስት ሰንሰለት፣ እንደ አንድ ይቆጠራል፤ ከዚያ ሁለት ረጅም» ካለ እናንተ በቀጥታ ሦስት ረጅም ትሠራላችሁ፤ የመጀመሪያው ሰንሰለት አልባው ነው። አጭር ስፌት ላይ ግን መነሻዋ አንዲት ሰንሰለት አብዛኛውን ጊዜ አትቆጠርም። እሷን ዝም ብላችሁ ተዉአት፤ በምትኳ የምትጨምሩት ነገር የለም። ይኼን ያላስተዋለ ሰው በየዙሩ አንድ ስፌት እየጨመረ ይሄድና ክቡ ነገር ዳሩ መርገብገብ ይጀምራል። ቪዲዮ ስታዩ ደግሞ ተናጋሪዋ ከየት እንደሆነች ልብ በሉ። አሜሪካኖቹ «ደብል» የሚሉትን ስፌት እንግሊዞቹ «ትሬብል» ይሉታል። ከስሙ ይልቅ ስንቴ እንደምትጠመጥም እዩ።

የዚህ አጀማመር ትልቁ ጥቅም በየትም ቦታ መጀመር መቻሉ ነው። ካሬ በካሬ እየተሠራ የሚገጣጠመውን ብርድ ልብስ አስቡ። መሀሉ ላይ አንድ ቀለም፣ ዙሪያውን ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። በየዙሩ ከአንድ ማዕዘን ከጀመራችሁ የክር ጫፎቹ ሁሉ እዚያ ይከማቻሉ። ያ ማዕዘን ይወፍራል፤ ካሬዎቹን ስታገጣጥሙም አይታጠፍም። እኔ አንዱን ዙር ከአንዱ ማዕዘን፣ ቀጣዩን ከተቃራኒው እጀምራለሁ። ሌላ ጊዜ ከጎን መሀል እነሳለሁ። ማዕዘኑ ራሱ የተለመደው ነው፦ ሦስት ረጅም፣ ሁለት ሰንሰለት፣ ሦስት ረጅም፣ ሁሉም በአንድ ክፍተት ውስጥ። ከጎን ስትጀምሩ ማዕዘኑን ከፍላችሁ ጀምራችሁ ከፍላችሁ ከመጨረስ ትድናላችሁ።

አጀማመሩ ቢያምርም አዘጋጉ ካልተስተካከለ ግማሹ ልፋት ባክኗል። ሰው አጀማመሩን ተምሮ አዘጋጉን በዚያው በድሮው ይተወዋል፤ ከዚያ «መስመሩ አሁንም አለ» ይላል። እንዲህ አድርጉ። የመጨረሻውን ስፌት ስትጨርሱ ክሩን አንድ ስንዝር ያህል አስተርፋችሁ ቁረጡት። ኪሮሹ ላይ ያለውን ቀለበት ወደ ላይ ሳቡት፣ የክሩ ጫፍ እስኪወጣ ድረስ። ሰንሰለት አትጨምሩ፣ አትቋጥሩም። ጫፉን ዓይኑ ሰፊ በሆነ መርፌ ላይ ስኩት። የዙሩን የመጀመሪያ ስፌት ዝለሉና መርፌውን በሁለተኛው ስፌት አናት ላይ ካሉት ሁለት ክሮች ሥር አሳልፉት። ከዚያ ተመለሱና መርፌውን ክሩ በወጣበት በመጨረሻው ስፌት አናት መሀል ወደ ኋላ ክተቱት። ክሩን ቀስ ብላችሁ ሳቡ። የመጀመሪያው ስፌት አናት ላይ አንድ አዲስ ቀለበት ይቀመጣል፤ መጠኑ ከጎረቤቶቹ ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ ብቻ ሳቡት። ከዚያ በላይ ከሳባችሁት ይሰረጉዳል።

ለምን የመጀመሪያውን እንደምንዘል የሚጠይቁኝ አሉ። አዲሱ ቀለበት የሚሸፍነው እሱን ስለሆነ ነው። ሳትዘሉ ከሠራችሁት አንድ ትርፍ አናት ይፈጠራል፤ የሚቀጥለው ዙር ላይ ሲቆጠር አንድ ይበልጣል። በደንብ የተሠራ ከሆነ የሚቀጥለውን ዙር ስትሠሩ የቱ ጋ እንደተዘጋ እናንተም ትፈልጋላችሁ። እኔ እዚያ ጋ ሌላ ቀለም ያለው ቁራጭ ክር አስሬ ምልክት አደርጋለሁ።

ከሱቁ ጀርባ ግቢ ውስጥ የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዳንቴል ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። የሶፋው፣ የጠረጴዛው፣ የቴሌቪዥኑ፣ የረከቦቱ ሥር፣ ቤታቸው ውስጥ ያልሸፈኑት ነገር የለም። አንድ ቀን ሥራዬን ተቀበሉኝና ፊቱን እንኳ ሳያዩ ወደ ጀርባው ገለበጡት። ገና ያልተሸጎጡት የክር ጫፎች ተንጠልጥለዋል።

«ይኼ ሁሉ ምንድን ነው?»

«በየዙሩ ስለምቆርጥ ነው፣ እትዬ።»

«ክር እንዲህ በተወደደበት ዘመን! ደግሞስ ይኼን ሁሉ ጭራ ማን ይሸጉጠዋል?»

«እኔው ነኛ።»

«እንግዲያው ሥራ ፈትተሃል።»

ነገሩን ካሰብኩበት እውነታቸውን ነው። ይኼ አጀማመር ዋጋ አለው። በአንድ ዙር ሁለት ጫፍ ይተርፋል፤ አንድ መነሻው ላይ፣ አንድ መዝጊያው ላይ። ብዙ ካሬ ያለው ብርድ ልብስ ላይ ጫፍ መሸጎጡ ብቻ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ስለዚህ ሁሉም ቦታ ላይ አልጠቀምበትም። ቀለሙ የማይቀየር ከሆነ መቁረጥ ክር ማባከን ነው። በቀጭን ክር፣ በቀጭን ኪሮሽ የሚሠራ ነጭ ዳንቴል ላይማ ጨርሶ አያስፈልግም። ስፌቱ ደቃቅ ነው፤ ሥራው ራሱ በክፍተት የተሞላ ነው፤ ሦስቱ ሰንሰለት በዚያ መሀል ማን ያየዋል? እትዬ በሰንሰለት ነው የሚጀምሩት። የእሳቸው ጠረጴዛ ልብስ ላይ መጀመሪያውን ፈልጌ አላገኘሁትም። ብቻ ሰንሰለታቸው እንደኔ ላላ ያለ አይደለም፣ ጥብቅ ነው። አንዳንዴም በሦስት ፋንታ ሁለት ይሠራሉ። አጠር ሲል አይጋደምም።

ቀለም ሳይቀየር፣ ክር ሳይቆረጥ ግን ወፍራም ክር ላይ ምን ይደረግ? ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ የሚሠራ ነገር፣ ለምሳሌ ሻርፕ፣ ዳሩ ሁልጊዜ ይታያል። ሦስት ሰንሰለት በየረድፉ ከተሠራ ዳሩ ቀዳዳና ጉብታ ይሆናል። እዚህ ጋ ሌላ መንገድ አለ፤ አጭር ስፌትን በአጭር ስፌት ላይ መደረብ። ሥራውን ስታዞሩ ሰንሰለት አትሥሩ። በመጀመሪያው ስፌት ላይ አንድ አጭር ስፌት ሥሩ። ስፌቱን ከፊት ስታዩት እንደ ሁለት እግር ወደ ታች የሚወርዱ ክሮች አሉት። ኪሮሹን በግራው እግር ሥር አስገቡና እዚያው ላይ ሌላ አጭር ስፌት ሥሩ። አንዱ በሌላው ላይ ቆመ ማለት ነው፤ ከፍታቸው ከአንድ ረጅም ስፌት ጋር ይቀራረባል። እንደ አንድ ይቆጠራል፤ ቀጣዩን ረጅም ስፌት ከጎኑ ባለው ላይ ትቀጥላላችሁ። ስትመለሱ የረድፉ የመጨረሻ ስፌት የሚያርፈው በዚህ ድርብ ስፌት አናት ላይ ነው። እሱን ረስተው የሚያልፉ ሰዎች ሻርፓቸው እየጠበበ ይሄዳል። ለአንድ ቀለም ዙርም ይሠራል፤ ዙሩን በተለመደው መዝጊያ ዘግታችሁ ቀጣዩን በድርብ አጭር ስፌት ጀምሩ። ጉብታዋ ትኖራለች፣ ቀዳዳው ግን ይጠፋል። ይኼን ለእትዬ ሳሳያቸው መነጽራቸውን አደረጉና «ይኼ ይሻላል፣ መቀስ የለበትም» አሉ።

ስለ ጫፎቹ ትንሽ ልጨምር። አጭር አድርጎ የሚቆርጥ ሰው በኋላ ይቸገራል። ከ15 ሴንቲ ሜትር ባያንስ ጥሩ ነው። ስትሸጉጡ በራሱ ቀለም ስፌቶች ውስጥ፣ በጀርባ በኩል፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ሂዱ። ከዚያ አንድ ክር ዝለሉና በዚያው መንገድ ተመለሱ። እንደገና አንዴ ሂዱ። አንድ አቅጣጫ ብቻ ከሆነ ሥራው ሲለጠጥ ሾልኮ ይወጣል። ከመቁረጣችሁ በፊት ሥራውን ወዲያና ወዲህ ለጠጥ አድርጉት፤ ጫፉ ቦታውን ይይዛል። አንዳንዶች ጫፉን ስፌቶቹ አናት ላይ አጋድመው በላዩ ላይ እየሠሩ ያልፋሉ። ፈጣን ነው። ነገር ግን ነጭ ላይ ቀይ ከሆነ ቀዩ በስንጥቁ ብቅ ይላል። ቀለሞቹ ሲቀራረቡ ብቻ ብትጠቀሙበት ይሻላል።

ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ክር ከነጭ ጋር ከመቀላቀላችሁ በፊት ቁራጩን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት። ጨርቁ ቀለም ከያዘ ያን ክር ለብቻው ለሚሠራ ነገር አስቀምጡት። ክር ስትገዙም ለሥራው የሚበቃውን በአንዴ ግዙ። ጥቅሉ ላይ ያለው ወረቀት የቀለም ቁጥርና የነከራ ቁጥር፣ ማለትም በአንድ ጊዜ አብሮ የተነከረውን ክር የሚለይ ቁጥር፣ አለው፤ ሁለቱም አንድ መሆን አለባቸው። የቀለሙ ቁጥር አንድ ሆኖ ነከራው ሲለያይ ልዩነቱ በሱቁ መብራት አይታይም፣ ፀሐይ ላይ ግን ይታያል። እኔ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ የማውቃቸው ክር ሻጮች ስለተበታተኑ አሁን በአብዛኛው መርካቶ ነው የምወርደው። እዚያ ጥቅሉን ይዤ ከሱቁ በር ወጣ ብዬ ነው የማየው። ነጋዴዎቹ ለምደውኛል።

ለመለማመድ ወፍራም፣ ነጣ ያለ ክርና 4 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ ያዙ። ጥቁር ክር ላይ ስፌቱ አይታይምና በእሱ አትጀምሩ። አንድ ትንሽ ካሬ ሥሩና በሁለት ቀለም እያፈራረቃችሁ፣ አንዱን ዙር በሰንሰለት ቀጣዩን ያለ ሰንሰለት ጀምሩት። ልዩነቱ እዚያው ፊታችሁ ላይ ይሆናል። ጣት መጫኑ መጀመሪያ ላይ ይከብዳል፤ እጅ ሲለምደው ሳታስቡት ትሠሩታላችሁ።

ሚኒባስ ውስጥ ግን አዲስ ዙር አትጀምሩ። ወያላው ሂሳብ ሲጠይቅ፣ ጎረቤታችሁ ሲወርድ፣ ያ ያልተያያዘ ሸምቀቆ ከኪሮሹ ይወጣል። እኔ ጠዋት ከቤት ከመውጣቴ በፊት ዙሩን ጀምሬ ጥቂት ስፌት እሄድበታለሁ፤ መንገድ ላይ መሀሉን ብቻ እሠራለሁ። መቀሱና መርፌው ሱቁ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀመጡት።